ውሃና የአውቶቡስ ጉዞ

ከሞያሌ በማርሳቢት በኩል ኢሲዮሎ የሚያደርሰው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ አስፋልት ሆኗል፤ የበረሃው ሙቀት ግን ያው ነው። ብዙዎች፣ በተለይ እናቶችና ልጃገረዶች፣ «አውቶቡሱ ለሽንት አይቆምልኝም» ብለው ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ ይተዋሉ። እኔም አንድ ጊዜ ይህንኑ አድርጌ፣ ራሴን ስቼ አጠገቤ በተቀመጡት አዛውንት ላይ ወድቄአለሁ።

በሳይንስ ትምህርት እንዳያችሁት ሰውነት ሙቀቱን የሚያበርደው በላብ ነው። በላብ የወጣው ውሃ ካልተተካ የደሙ መጠን ይቀንሳል፤ ራስ ያዞራል። በመስኮት የሚገባው ደረቅ ነፋስ ላቡን ወዲያው ስለሚያደርቀው ያላበን አይመስለንም። ሽንታችሁ ከጠቆረ ውሃ ጎድሎባችኋል ማለት ነው።

ስለዚህ ትንሽ በትንሽ ተጎንጩ። ልጅ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሳይከመር፣ በጥብጣችሁ በማንኪያ ስጡት። ጨው ማብዛት ይጎዳዋል። የሚጠባ ከሆነ ጡቱን አታቋርጡበት።

የሽንቱን ነገር ሳትሳፈሩ ለረዳቱ ንገሩት። ለአንዲት ሴት ያልቆመ ሹፌር፣ አምስት ሆነው ሲጠይቁት ይቆማል። ለመከለያ የሚሆን ነጠላም ያዙ፤ ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ግን አትክተቱት።