ስለ ጂፒኤስ መሣሪያ ረዳት ዕቃዎችና ስለ ሚሞሪ ካርድ አመራረጥ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

የሰው ልጅ ያለበትን ስፍራና የሚሄድበትን አቅጣጫ ለማወቅ ከጥንት ጀምሮ ፀሐይንና ከዋክብትን ይመለከት ነበር። በዘመናችን ደግሞ ጂፒኤስ የሚባል፥ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ተገኝቷል። ይህ መሣሪያ ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚላከውን የራዲዮ ምልክት ይቀበላል፤ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ባገኘ ጊዜም የያዘው ሰው የቆመበትን ስፍራ በኬክሮስና በኬንትሮስ አስልቶ ያሳያል። ሳተላይቶቹ የአሜሪካ መንግሥት ናቸው፤ የመጀመሪያውም ወደ ሰማይ የወጣው በ1970 ዓ.ም. ነው። ለሕዝብ የሚሰጠው ምልክት ሆን ተብሎ ትክክለኛነቱ ተቀንሶ ነበር፤ ይህ ግን በ1992 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ቀረ። ስለዚህ ዛሬ በተገለጠ ሜዳ ላይ የመሣሪያው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሜትር አይበልጥም።

የመንደር መምህር ይህን መሣሪያ ለምን ይፈልገዋል? ተማሮቹ የገዛ አገራቸውን ካርታ እንዲሥሉ ነው። ምንጩ ከየት እንደሚፈልቅ፥ የድሮው የነጋዴ መንገድ በየት በኩል ያልፍ እንደ ነበር፥ የጠፋው መንደር ፍርስራሽ የት እንዳለ የሚያውቁት ሽማግሎች ናቸው። አንድ የ80 ዓመት አዛውንት ምርኵዛቸውን ተደግፈው ከመምህሩና ከተማሮቹ ጋራ ቀኑን ሙሉ ዞረው ይህን ሁሉ አሳዩ እንበል። ማታ መሣሪያው ቢከፈትና አንዳች ነገር ባይገኝበት፥ አዛውንቱን «ሁለተኛ ይዙሩልን» ለማለት የሚደፍር ማን ነው? ለከርሞም በሕይወት ባይገኙ የጠፋው ነገር በገንዘብ አይመለስም። መሣሪያው እጅግ ጥሩ ሳለ እንኳ በባትሪ ድንጋዩ፥ በካርዱ ወይም በሽቦው ምክንያት እንዲህ ያለ ጥፋት ሊመጣ ይችላል። መሣሪያውን መርጦ እነዚህን የናቀ ሰው፥ በቅሎ ገዝቶ ኮርቻዋንና ልጓሟን እንደ ረሳ መንገደኛ ነው።

1ኛ፤ ስለ ባትሪ ድንጋይ

መብራት በሌለበት አገር፥ ከገበያ በሚገኝ ተራ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሣሪያ ይመረጣል። ለምሳሌ ጋርሚን የሠራው ኢትሬክስ 20 የሚባለው መሣሪያ ኤኤ በሚባለው መጠን 2 ድንጋይ ይበላል፤ በእነዚያም እስከ 25 ሰዓት እንደሚሠራ ሠሪው ይናገራል።

ከባትሪ ድንጋይ ዓይነቶች 3ቱን እንመልከት። አልካላይን የሚባለው በቀላሉ ይገኛል፤ ነገር ግን በብርድ ይደክማል፤ ካለቀም በኋላ ይጣላል። ሊቲየም የሚባለው ቀላልና ብርድ የሚችል ነው፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ደግሞ ኀይሉ ባለቀ ቍጥር እንደ ገና ይሞላል፤ የፀሐይ ኀይል ማመንጫ ላለው ትምህርት ቤት የሚሻለው ይህ ነው። የተገዛው ዓይነት የትኛው እንደ ሆነ በመሣሪያው ላይ ሊመለከት ይገባል፤ አለዚያ የቀረውን ኀይል የሚያሳየው ምልክት ይሳሳታል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አይቀላቀልም። ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው መለዋወጫውን ድንጋይ ከልብሱ በታች፥ በገላው ሙቀት ይያዝ። መሣሪያው ለብዙ ጊዜ የማይሠራበት እንደ ሆነ ግን ድንጋዩ ይውጣ፤ ውሃው አፍስሶ መሣሪያውን እንዳያበላሽ ነው።

2ኛ፤ ስለ ሚሞሪ ካርድ

ሚሞሪ ካርድ ካርታንና ጽሑፍን የሚይዝ መዝገብ ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች የሚገባው ማይክሮ ኤስዲ የተባለው ሲሆን፥ ቁመቱ 15፥ ወርዱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጥፍር ብዙ አይበልጥምና እንዳይጠፋ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ካርዱ በሚይዘው መጠን ይከፈላል። እስከ 2 ጊጋባይት የሚይዘው ኤስዲ፥ ከዚያ በላይ እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዘው ኤስዲኤችሲ፥ ከ32 በላይ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ኤስዲኤክስሲ ይባላል። አሮጌ መሣሪያ ትልቁን ካርድ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ የመሣሪያውን መመሪያ አንብቦ ወሰኑን ይወቅ።

ለመሆኑ ምን ያህል መጠን ይበቃል? በሒሳብ እንመልከተው። መሣሪያው በየ10 ሴኮንዱ አንድ ነጥብ ቢጽፍ፥ በ8 ሰዓት 2,880 ነጥብ ይሆናል። አንዱ ነጥብ 150 ባይት ቢፈጅ፥ የቀኑ ጕዞ 432,000 ባይት ነው። እንግዲህ 4 ጊጋባይት የሚይዝ ካርድ ከ9,000 ቀን በላይ የሚደረገውን ጕዞ ይይዛል። ካርዱን የሚሞሉት ካርታና ፎቶግራፍ ናቸው እንጂ የመንገዱ ጽሑፍ አይደለም። ስለዚህ ትልቅ ካርድ ከመግዛት ይልቅ፥ 2 ትንንሽና እውነተኛ ካርዶች መግዛት ብልኅነት ነው።

«እውነተኛ» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በላዩ 64 ተብሎ ተጽፎበት በውስጡ ግን 8 ብቻ የሚይዝ ሐሰተኛ ካርድ በገበያ ይሸጣል። እንዲህ ያለው ካርድ ሲሞላ «ሞላሁ» አይልም፤ የተቀበለውን እያጠፋ ዝም ይላል። መድኀኒቱ መፈተን ነው፤ አዲሱን ካርድ በኮምፒዩተር ላይ እስኪሞላ ድረስ በፎቶግራፍ ሞልቶ፥ ኋላ ሁሉም ደኅና ይከፈት እንደ ሆነ ማየት ይገባል።

ደግሞም በአንዳንዱ መሣሪያ ካርዱ ካርታ ብቻ ይይዛል፤ የተመዘገበው ስፍራ ግን በመሣሪያው በራሱ ውስጥ ይጻፋል። መምህሩ መሣሪያው የት እንደሚጽፍ ካላወቀ፥ ካርዱን አውጥቶ ሥራውን ያተረፈ ይመስለዋል።

3ኛ፤ ስለ ማኅደርና ስለ ሽቦ

ማኅደሩ ከጨርቅ፥ ከቆዳ ወይም ከጎማ ይሁን እንጂ ከብረት አይሁን፤ ብረት የሳተላይቱን ምልክት ይከለክላልና። ስለዚህም ምክንያት መሣሪያው በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሳይሆን በሜዳ ይፈተናል። ኮምፓስ ያለበት መሣሪያም ማግኔት ባለው መቈለፊያ ማኅደር አይቀመጥ፤ አቅጣጫውን ያሳስተዋል። ገደል ለሚወጣ ሰው የእጅ ማንጠልጠያ ገመድ ከጌጥ የሚቈጠር አይደለም።

የኮምፒዩተሩ ሽቦ ከመሣሪያው ቀዳዳ ጋራ መግጠሙ ብቻ አይበቃም። አንዳንዱ ሽቦ ኀይል ያስተላልፋል እንጂ ጽሑፍ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ሳይፈተን አይገዛ።

ማሳሰቢያ

ሽማግሎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ይህ መሣሪያ በጥቂት ሜትር ይሳሳታል፤ በዛፍ ሥርና በገደል መካከል ስሕተቱ ይብሳል። ስለዚህ ሁለት ጎረቤቶች በአንድ እርምጃ ድንበር ቢጣሉ፥ መሣሪያው ዳኛ ሊሆን አይችልም።

መምህሩም የእያንዳንዱን ስፍራ ስምና ቍጥር በዚያው በስፍራው በደብተር ይጻፍ፤ በማታም ወደ ኮምፒዩተር ይገልብጥ። እንዲህ ከተደረገ ካርዱ ቢጠፋ፥ ድንጋዩ ቢያልቅ፥ አዛውንቱ ያስተማሩት ለልጅ ልጅ ይቀራል።

ጥያቄ

1. ስፍራን ለማወቅ ቢያንስ የስንት ሳተላይት ምልክት ያስፈልጋል?
2. ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው መለዋወጫውን የባትሪ ድንጋይ የት ይይዛል? ስለ ምን?
3. መሣሪያው በየ5 ሴኮንዱ ነጥብ ቢጽፍ፥ የ6 ሰዓት ጕዞ ስንት ነጥብ ይሆናል?
4. ሐሰተኛ ካርድ በምን ይታወቃል?