ሌሊት የማይበርዱ ከተሞች

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ከተሞች ከዙሪያቸው ገጠር ይልቅ ስለሚሞቁበት ምክንያትና ይህ ሙቀት በሐሩር አገሮች ስለሚያስከትለው ጉዳት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የለንደንን አየር በየዕለቱ ሲመዘግብ፣ የከተማዋ ሌሊት ከገጠሩ ሌሊት እንደሚሞቅ ተገንዝቦ ነበር። ሊቃውንት ዛሬ «የከተማ የሙቀት ደሴት» ይሉታል፤ ደሴት በባሕር እንደሚከበብ፣ የጋለው ከተማም ቀዝቀዝ ባለ ገጠር የተከበበ ነውና።

1. ምክንያቱ

አስፋልት፣ ድንጋይና ሲሚንቶ ቀን ያከማቹትን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ቀስ በቀስ ይለቁታል። ተጠጋግተው የቆሙ ረጃጅም ሕንፃዎች ነፋሱን ያግዳሉ፤ ሙቀቱም ወደ ሰማይ እንዳያመልጥ መንገዱን ያጠብቡበታል። በዚህ ላይ የዛፍ መጥፋት ይታከላል። ዛፍ ከመሬት የሳበውን ውኃ በቅጠሉ በኩል ያተንናል። የፈላ 1 ሊትር ውኃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ፣ ያንኑ ውኃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ከ5 እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ይጠይቃል። ዛፉ ሲቆረጥ፣ በትነት ይወገድ የነበረው ሙቀት ግድግዳውንና አየሩን ለማጋል ይቀራል።

2. በሐሩር አገር ለምን ይከፋል?

በቀዝቃዛ አገር የከተማ ሙቀት በብርድ ወራት የማገዶ ወጪን ሊያቃልል ይችላል። በሐሩር ቆላ ግን ይህ ጥቅም የለም። በዚያ የሚኖሩ ብዙ ነፍሳትና እንሽላሊቶች ሊታገሡት ከሚችሉት የመጨረሻ ሙቀት አጠገብ ስለሚኖሩ፣ የጥቂት ዲግሪ ጭማሪ እንኳ ለሕይወታቸው ያሰጋል። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ ግን በከተማ ይመቻታል፤ በበርሜልና በአሮጌ ጎማ በተጠራቀመ ውኃ እንቁላሏን ትጥላለች። ሙቀቱ እስከ ተወሰነ ደረጃ ሲጨምርም ተሕዋሲው በሰውነቷ ውስጥ የሚያድግበት ጊዜ ያጥራል። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ ከተማችን ተከሥቶ ነበር።

ከሰዎች መካከል አብዝቶ የሚጎዳው በቆርቆሮ ጣራ ሥር በጠባብ ክፍል የሚያድረው ድኻ ነው። ቀን በሙቀት የደከመ ሰውነት ሌሊት ካልቀዘቀዘለት አያርፍምና።

3. ሁለት ምሳሌዎች

ከምድር ወገብ 137 ኪ.ሜ. ያህል ብቻ በምትርቀው በሲንጋፖር በተደረገ ልኬት፣ ሌሊት በመካከለኛው ከተማና ዛፍ በበዛበት ዳርቻ መካከል እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ልዩነት ተገኝቷል። የኮሎምቢያዋ ሜደሊን በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በመንገዶቿና በወንዞቿ ዳር 30 የዛፍ መስመሮችን ተክላለች፤ በእነዚያ ስፍራዎች ሙቀቱ በ2 ዲግሪ ያህል መቀነሱን የከተማዋ አስተዳደር አስታውቋል።

ከዚህ የምንረዳው ጥላ ጌጥ ብቻ አለመሆኑን ነው። ቤት ስንሠራም ሆነ ግቢ ስናስነጥፍ፣ በአንድ ሰዓት የምንቆርጠውን ዛፍ ለመተካት ብዙ ዓመታት እንደሚያስፈልጉ እናስብ።

ለውይይት

ሀ. በሰፈራችን ሌሊት አብዝቶ የሚሞቀው ስፍራ የትኛው ነው? ምክንያቱስ?
ለ. ባለፉት ዓመታት የተቆረጡ የጥላ ዛፎች የትኞቹ ናቸው? በምን ተተኩ?
ሐ. ጥላ የሌላቸው ጎረቤቶቻችን እነማን ናቸው? ምን ልናደርግላቸው እንችላለን?