ያልተረከቡትን ሄልሜት ፈርመው አይቀበሉ

ከቡሌ ሆራ በያቤሎ አድርጎ ወደ ሞያሌ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በየድንጋይ ካባውና በየከተማው በሚነሡት ፎቆች ላይ ሲሠራ የተጎዳ ሰው ወደ ጠበቃ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው ጠባሳውን ብቻ ነው። ሕጉ ግን ከጎኑ ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 መሠረት፣ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። ሰው የሚሸነፈው ወረቀት ስለሌለው ወይም ጊዜ ስላለፈበት ነው።

በየሳይቱ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ ደኅንነት መናገር እየተለመደ መጥቷል። እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ አንቀጽ 92ም አሠሪው የሥራውን አደጋ እንዲያስረዳና መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል። ችግሩ ከንግግሩ በኋላ የሚዞረው ወረቀት ላይ ነው። «ሄልሜት፣ ጓንትና ሴፍቲ ጫማ ተረክቤያለሁ፤ መመሪያውንም ተረድቻለሁ» ይላል። ስቶር ያለው ሄልሜት ለሁሉም አይዳረስም። ፎርማኑ «ፈርም፣ ነገ ይመጣል» ይላል፤ ሠራተኛውም የቀን ሒሳቡ እንዳይቀርበት ይፈርማል። ያ ነገ ሳይመጣ ብሎኬት ከላይ ይወድቃል። ፍርድ ቤት ሲደረስ አሠሪው በመጀመሪያ የሚያቀርበው ማስረጃ ያ ፊርማ ነው።

ፊርማው ይህን ያህል ክብደት ያገኘው፣ አንቀጽ 96 ንዑስ አንቀጽ 2 ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ አይደለም ስለሚል ነው። ከሚጠቅሳቸው ምሳሌዎች አንዱ አሠሪው በግልጽ ያወጣውን የደኅንነት መመሪያ አለማክበር ነው፤ ሌላው ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባት። እዚህ ላይ የችሎቶች አሠራር አንድ ወጥ አይደለም። አንዳንድ ዳኛ «ሆን ብሎ» የሚለውን ቃል አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው መመሪያው መጣሱን ብቻ አይቶ ይወስናል። የትኛው ዳኛ እንደሚገጥምዎ አስቀድመው ስለማያውቁ፣ ያልተሰጠዎትን ዕቃ ተሰጠኝ ብለው አይፈርሙ። መፈረም ግድ ከሆነ ከፊርማዎ ጎን «ሄልሜት አልተሰጠኝም» ብለው ቀን ይጻፉበት፤ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። ወረቀቱ በማያነቡት ቋንቋ ከሆነ የሚያምኑት ሰው ያንብብልዎ።

ለኢንጂነሮችና ለሳይት ኃላፊዎችም አንድ ነገር ልበል። ሄልሜቱ ከስቶር ለመውጣቱ ማስረጃ ከሌለ፣ ያ የተሰበሰበ ፊርማ በራሳችሁ ላይ ይዞራል። ፎርማኑ ባዶ ራሱን እየዞረ ሠራተኛው ብቻ እንዲለብስ የሚያዝ መመሪያም ምስክር ፊት አይቆምም። «እሱም አያደርግም ነበር» የምትል አንዲት ቃል ትጥለዋለች። ደኅንነት ልማድ የሚሆነው አለቃው ቀድሞ ሲለብስ፣ ያልለበሰውን በዚያው ቀን ሲመልስና ይህንኑ በመዝገብ ሲያሰፍር ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ክሊኒክ በር ላይ ይጠብቃል። የተጎዳውን ይዞት የሄደው ሰው «ቤት ወድቄ ነው በል፤ ድርጅቱ ወጪህን ይሸፍናል» ይለዋል። የታመመ ሰው የተባለውን ይላል። ካርዱ ላይ የሰፈረችው ያቺ ቃል ግን ከወራት በኋላ ከሦስት ምስክር ትበልጣለች። እባካችሁ፣ ለሐኪሙ የሆነውን ንገሩ፦ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ስትሠሩ። አሠሪው አደጋውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ካላደረገ እናንተው በጽሑፍ አመልክቱ፣ ገቢ የተደረገበትን ቅጂም ያዙ።

ብዙውን ሰው የጣለው ግን ይርጋ ነው። በአንቀጽ 163 መሠረት ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ክስ በመርሕ ደረጃ መብቱን መጠየቅ ከተቻለበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ይታገዳል። የደመወዝና የሌላ ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ በሦስት ወር ያልፋል። የጉዳት ካሳ ሲሆን አንዳንዱ ችሎት ከአደጋው ቀን፣ አንዳንዱ የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን ከወሰነበት ቀን ይቆጥራል። እኔ ለደንበኞቼ የምነግራቸው ከአደጋው ቀን እንዲቆጥሩ ነው፤ በሕክምና ላይ ሳሉ ያልተከፈለ ደመወዝ ካለም በስድስት ወሩ ውስጥ እንዲጠይቁ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ድርጅቱ «እናሳክምሃለን፣ ሥራም አናስለቅቅህም፣ ክስ ምን ያደርግልሃል» ይላል፤ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ። ወይም ነገሩ ለሽማግሌ ይሰጣል። በጉጂም በቦረናም የሽማግሌ ቃል የሚከበር ነው፣ ይከበርም። ነገር ግን ሽምግልና በመቀመጡ ብቻ ይርጋው አይቆምም። በቃል የተደረገ ልመናም አያቆመውም። ከሚያቋርጡት ዋናዎቹ ለዳኝነት አካል የቀረበ ክስና አሠሪው መብቱን በግልጽ ማመኑ ናቸው፤ ማመኑን ደግሞ ያለ ወረቀት ማን ያስረዳል? ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሰውየው ደግ ከሆነ የተስማማችሁበትን ጽፎ መፈረም አይከብደውም። ከከበደው ግን ያኔውኑ እወቁት። «ከእንግዲህ ይገባኛል የምለው የለም» የሚል ወረቀት ሲሰጣችሁ ደግሞ ለጠበቃ ሳታሳዩ አትፈርሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ የሚቆጠር ነውና።

በካቦ በኩል የገባ የቀን ሠራተኛ ሌላ ፈተና አለበት፤ ድርጅቱ «አላውቀውም» ይለዋል። ውል በጽሑፍ አለመሆኑ መብት አያሳጣም፤ እንዲያውም አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ካልሰጠ፣ በቴሌብር የገባ የደመወዝ መልእክት፣ የፔሮል ፎቶ፣ የሳይት መግቢያ ባጅ ሁሉ ሊረዳ ይችላል። መልእክቱን አታጥፉት።

ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ አትዘግዩ። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአማርኛ የተጻፈ ውልም ሆነ የሌላ ክልል ሆስፒታል ማስረጃ መተርጎም ይኖርበታል። ትርጉሙ ቀናት ሊወስድ ይችላልና፣ ፋይላችሁን ይዛችሁ ይርጋው ሊሞላ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ወራት ሲቀሩት ኑ።