የጃንሆይ ዘመን ቪላ ገዝቶ ማደስ ለሚያስብ ዳያስፖራ

ቦሌ ወይም አሮጌው ኤርፖርት ውስጥ እስካሁን ያልፈረሰ የጃንሆይ ዘመን ቪላ ለሽያጭ ሲወጣ ዋጋው በካሬ ሜትር ይጠራል፤ ካሬ ሜትሩ ግን የግቢው ነው። ደላላው ሳሎኑን ከማሳየቱ በፊት የመንገዱን ስፋትና ቦታው ስንት ፎቅ እንደሚያስወጣ ይነግርዎታል። በእሱ ስሌት ቤቱ ከምንም አይቆጠርም፤ እንዲያውም ማፍረሻ ስለሚጠይቅ ዕዳ ነው። እርስዎ ደግሞ ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም መጥተው የሚያዩት ሌላ ነው፦ ሰፊው በረንዳ፣ በአምቦ ድንጋይ የተለበጠው ግድግዳ፣ ቀጫጭን ብረት ያላቸው ትልልቅ መስኮቶች፣ የተወለወለው ቴራዞ፣ ከጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ገበያው ለቤቱ አይከፍልም፤ ሲገዙም ለመሬቱ ሙሉ ዋጋ ከፍለው ነው። መሬቱ ፎቅ የሚያስወጣ ከሆነና እርስዎ ግን «ፎቅ አልሠራም፣ ይኸንኑ አድሳለሁ» ካሉ፣ ያልሠሩት ፎቅ ከቧንቧውም ከጣሪያውም የሚበልጥ የዕድሳቱ ወጪ ነው። ይህን አውቆ የሚገዛ ሰው አይጸጸትም። ቤቱን በርካሽ ያገኘ የሚመስለው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ እህቱንም ፎርማኑንም ሲወቅስ ይገኛል።

ቤቶቹ በአብዛኛው የአንድ ዘመን ሥራ ናቸው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ተቋቋመ፤ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ተመሠረተ። ኤምባሲውና ድርጅቱ ሲበዛ ገንዘብ ያለው ሁሉ ለውጭ ሰው የሚከራይ ቪላ መሥራት ያዘ። ጥሩዎቹ ለአዲስ አበባ አየር የተመቹ ናቸው። ኮርኒሱ ከፍ ያለ፣ በረንዳው ፀሐይና ዝናብ የሚከላከል ስለሆነ ሙሉ ሕንፃው መስታወት እንደሆነው አዲሱ ጎረቤት ቀን አይሞቁም፣ ሌሊት አይበርዱም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ለማከራየት የተሠራ ደህና ቪላ እንግዲህ ከሁለተኛው ወገን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ዛሬ የሚያስተዳድራቸው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። አንዳንዱ «ባለቤት» የሚሸጥልዎት ቁልፍ ነው፤ ተከራይ ነውና ከዚያ በላይ የሚሸጠው የለውም። ሌላው ችግር ደግሞ ረቂቅ ነው፦ ዋናው ቤት የግል ሆኖ ሰርቪሱ የተወረሰ፣ ቀበሌ ያስገባው ተከራይም እዚያው ወልዶ ከብዶ የሚኖርበት ግቢ አለ። ካርታውንና ሳይት ፕላኑን ይዘው ግቢውን በእግርዎ ይለኩት፤ እያንዳንዱ በር ከወረቀቱ ጋር ይገናኝ።

ሻጮቹ ወራሾች ከሆኑ፣ ብዙ ጊዜም ናቸው፣ የወራሽነት ማስረጃው ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ ይፈርም። ቶሮንቶ ያለው ወንድም «እስማማለሁ» ብሎ በስልክ መናገሩ ዋጋ የለውም፤ ውክልናው በኤምባሲ በኩል መጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። ካርታው ነባር ይዞታ ከሆነም በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ቦታው በሊዝ ሥርዓት የሚያዝ ይሆናል። ይህን ወጪ ሻጭም ደላላም አያነሱትም፤ ክፍለ ከተማ ሄደው ስሌቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ዜግነት የቀየሩ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ትውልደ ኢትዮጵያዊ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ይችላልና ቢጫ ካርድዎን ከቀብድ በፊት ያውጡ። በአክስት ልጅ ስም መግዛት የሚባለውን ምክር የሚሰጥዎት ሰው ፍርድ ቤት አብሮዎት አይቆምም።

ከሁሉ ግን የከተማው ፕላን ይቀድማል። በ2016 ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሡ ያየ ሰው «እዚህ ሰፈር አይነካም» የሚል ቃል አይቀበልም። በልማት ለሚነሣ ቤት የሚከፈለው ካሣ ለሕንፃው እንጂ ለመሬቱ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ እርስዎ የገዙት ደግሞ በመሬት ዋጋ ነው። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ከተመዘገበ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ግድግዳ ማንሣት አይችሉም። ማደስ ለሚፈልግ ሰው ይህ የሚያስከፋ አይደለም፤ በኋላ አፍርሼ እሠራለሁ የሚል ሐሳብ በልብዎ ካለ ግን ይተዉት።

ዳያስፖራው ለገና ወይም ለጥምቀት ይመጣል፣ ጣሪያው በደረቅ ሰማይ ሥር ያምራል። ከተቻለ ቤቱን በነሐሴ ይዩት። የዚያ ዘመን ቪላ ከመንገድ ሲያዩት ሶሌታ የሚመስል ጠፍጣፋ ጣሪያ ቢኖረውም፣ ብዙ ጊዜ ከዙሪያው ግንብ ኋላ የተደበቀ፣ ተዳፋቱ ያነሰ ቆርቆሮ ነው። ውኃው የሚሰበሰበው ከግንቡ ሥር ባለ ድብቅ አሸንዳ ነው፤ አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን ውኃ ወደ ኮርኒሱ ይመለሳል፣ የጣሪያውን የባሕር ዛፍ ማገር ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። ሻጩ ኮርኒሱን አዲስ ቀለም ቀብቶት ካገኙ ለጣሪያው የሚያስወጣዎትን ገምተው ከዋጋው ያስቀንሱ። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ይላኩ፤ የስልክ ፎቶ ከታች ወደ ላይ የተነሣ ከሆነ ምንም አያሳይም።

ቦሌ አካባቢ ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር አለ። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የድንጋይ መሠረቱንም አብሮ ያንቀሳቅሳል። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ካዩ የልስን ጉዳይ ነው ብለው አይለፉት፤ የመዋቅር መሐንዲስ ይየው። ግድግዳውም በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ እንጂ ብሎኬት ላይሆን ይችላል፤ ጥቂት ልስን ሳያስነሡ አይታወቅም። በ2017 ከፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ፣ ቶፕ ታይ ቢም (ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስር ኮንክሪት) የሌለውን የብሎኬት ቤት ያለ ማጠናከሪያ ማደስ አልመክርም።

የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ዕድሜው አልፏል፤ ሙሉውን በፒፒአር ይቀይሩ፣ መጠገን የሚባል ነገር አያነጋግር። ኤሌክትሪኩም እንዲሁ።

መስኮትና ወለል ላይ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። የኤል ቲ ዜድ ብረት መስኮትን አውልቆ አልሙኒየም መግጠም የሰፈሩ ሁሉ ልማድ ነው፤ የቤቱ መልክ የሚሞተውም በዚያ ቀን ነው። ዝገቱ ተፍቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶ፣ የደረቀው ስቱኮ ተነሥቶ አዲስ ከተሞላ ብረቱ ገና ብዙ ያገለግላል። ቴራዞውም በሴራሚክ ሥር ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጥግ ያስነሡና ይዩ። የዝግባና የዋንዛ በሮች ከተገኙ ቀለሙን ማስፋቅ ብቻ ነው፤ እንዲያ ያለ እንጨት ዛሬ ገዝተው አያገኙም።

ችግሩ እጅ ነው። አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2017 ሲከፈት፣ የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ያደሰው ባለሙያ ከፈረንሳይ የመጣ ነበር። እርስዎ ያን ያህል ሩቅ አይሄዱም፤ ይሁንና ቴራዞ መፍጨት የሚያውቅ ሽማግሌ ባለሙያ ማግኘት ሴራሚክ የሚያነጥፍ ወጣት ከማግኘት በጣም ይከብዳል፣ ቀኑንም የሚመርጠው እሱ ነው።

ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በዶላር 57 ብር ታስቦ የተሠራ በጀት ሁሉ ፈርሷል። ዶላር ለያዘ ሰው ይህ ጥሩ ይመስላል፤ ገመድ፣ ፒፒአርና የመታጠቢያ ዕቃ ግን ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ከዶላሩ ጋር ይወጣል። የዕድሳት ብልጫው እዚህ ላይ ነው፦ ከአዲስ ፎቅ ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ድርሻ የእጅ ዋጋ፣ ድንጋይና እንጨት ነው፤ ፌሮና ሊፍት አይበላም። ገንዘቡን በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይዘው በየምዕራፉ ይመንዝሩ፤ ከጠቅላላውም ሩብ ያህሉን ግድግዳው ሲከፈት ለሚወጣው ነገር ይለዩ። በባንክ ብድር የሚተማመኑ ከሆነ ደግሞ አሮጌ ቤት በመሐንዲስ ግምት ዝቅ እንደሚል ይወቁ።

ቤቱ በኪራይ ወጪውን ይመልስልኛል ብለው ካሰቡ ተስፋዎን ቀነስ ያድርጉ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። የጣራና ግድግዳ ግብሩም አለ። ለመኖር ወይም ቤቱን ለሚወድ ድርጅት ለማከራየት የሚያድስ ሰው ሒሳቡ ያስኬደዋል፤ ለትርፍ ብቻ ከሆነ አፓርትመንት ይግዙ።

ሥራውን ከሩቅ ሲመሩ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ከኮንትራክተሩ ጋር ዝምድናም ጥቅምም አይኑረው፤ ደመወዙንም እርስዎ ራስዎ ይክፈሉት። ወንድምዎ ታማኝ ቢሆንም ቢ ኦ ኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ማንበብ ካላወቀ ደረሰኝ መሰብሰብ ብቻ ይሁን ሥራው። መጀመሪያ የሚታደሰው ሰርቪስ ቤቱ ይሁን። ጣሪያውን፣ ቧንቧውን፣ አንድ መስኮቱን በዚያች ትንሽ ቤት ላይ ያስሠሯቸው፤ ግንበኛውም ብረት ሠራተኛውም ማን እንደሆነ በርካሽ ይታወቃል። ዋናው ቤት ተከፍቶ አቧራ ሲሆንም ለዘበኛውና ለእርስዎ ማደሪያ ይሆናል፤ ኩሽናውን ለመጨረሻ ያቆዩት።