ሚዛኑና ማርሊኑ፤ ስለ ትልቁ ዓሣ ማጥመድ ውድድር አጭር ጥናት

ጽሑፋችን ስለ ዓሣ ማጥመድ ነው ብንላችሁ ብዙዎቻችሁ ገጹን ገልብጣችሁ ወደ ግጥሙ እንደምታልፉ እናውቃለን። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላልና፣ ባሕር ያላየ ተማሪም የባሕር ዓሣ ቢረሳ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አንድ ማታ በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን በአውስትራሊያ አገር ሀብታሞች በቀን ብዙ ሺህ ዶላር እየከፈሉ ትልልቅ ዓሣ ለመያዝ እንደሚወዳደሩ፣ ከያዙትም በኋላ መልሰው ወደ ባሕር እንደሚለቁት ነገረን። ግማሾቻችን ሳቅን። ሌሎቻችን ግን «ታዲያ አሸናፊው በምን ይታወቃል?» ብለን ጠየቅን። ሳቁ ቶሎ አለፈ፤ ጥያቄው ግን አልለቀቀንም። ስለዚህ ስለ ነገሩ አንብበን የተማርነውን ለእናንተ ለማካፈል አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. ቦታውና ዓሣው

ከአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ ከኩዊንስላንድ ፊት ለፊት፣ ግሬት ባሪየር ሪፍ የሚባለው ታላቁ የኮራል አጥር ይገኛል። ኮራል ማለት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሰውነታቸው በሚያወጡት ኖራ መሰል ነገር የሚገነቡት አለት ነው። አጥሩ ወደ 2,300 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። አንድ ወጥ ግንብ ሳይሆን ተራ በተራ የቆሙ ብዙ አለቶች ነው። ከኬርንስ ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ሊዛርድ ደሴት በሚወስደው በኩል፣ የውጭው ጫፍ እንደ ጥብጣብ ቀጥኖና ረዝሞ ይሄዳል። ሊዛርድ ደሴትን የጥንት ባለቤቶቿ የዲንጋል ሕዝብ ጂጉሩ ይሏታል። ከአጥሩ ወደ ውስጥ ያለው ውሃ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ ከአጥሩ ወደ ውጭ ግን ወለሉ እንደ ገደል ተቆርጦ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ትንንሾቹ ዓሦች አጥሩን ተጠግተው ሲኖሩ፣ ትልልቆቹ አዳኞች በገደሉ አፋፍ ላይ ይመላለሳሉ።

ከእነዚህ አዳኞች አንዱ ጥቁር ማርሊን ነው። የላይኛው መንጋጋው እንደ ጦር ሾሎ ወደ ፊት ይወጣል። የደረት ክንፎቹ ግትር ስለ ሆኑ እንደ ሌሎቹ ማርሊኖች ወደ ጎኑ ሊያጥፋቸው አይችልም፤ ባሕረኞችም በዚህ ይለዩታል። ትልቁ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ ይህም 454 ኪሎ ያህል ነው። በእኛ አቆጣጠር አራት ኩንታል ተኩል እህል መሆኑ ነው። በአንድ ክር ጫፍ ላይ ከባሕር ወጥቶ የሚዘል አራት ኩንታል ተኩል!

አንባቢዎቻችን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፤ የጽሑፋችን ፍሬ ነገር በዚህ ላይ ቆሟልና። ከማርሊን ወገን እጅግ ትልቅ የሚሆኑት ሴቶቹ ብቻ ናቸው። ወንዱ የቱንም ያህል ቢኖር ከሴቷ መጠን አይደርስም። ሴቶቹም በጥቅምትና በኅዳር ግድም በዚያ አፋፍ ላይ የሚታዩት እንቁላል ለመጣል ነው። እንግዲህ «ትልቁን ዓሣ ያዝሁ» የሚል ሁሉ የያዘው እናቲቱን ነው።

፪. አያያዙ

ጀልባዋ በመጀመሪያ ማባበያ የሚሆነውን ዓሣ ታጠምዳለች። ይህ ማባበያ ራሱ ለአንድ ቤተሰብ ራት የሚተርፍ ቱና ወይም ማኬሬል ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ወደ ውጭው አፋፍ ወጥታ ማባበያዎቹን ከኋላዋ ትጎትታለች፤ አንዱ በውሃው ፊት ላይ እየነጠረ፣ ሌላው ከውሃው በታች የሚዋኝ መስሎ ይከተላል። ማርሊኑ ሲነክስ አጥማጁ በጀልባዋ ኋለኛ ወለል ላይ በተተከለው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ክሩ የተጠቀለለበትም ጥንጥን በመታጠቂያ ከወገቡ ጋር ይያያዛል። ጥንጥኑ ፍሬን አለው፤ ፍሬኑ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ክሩ ይበጠሳል፣ ከመጠን በላይ ከላላ ዓሣው ክሩን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ካፒቴኑም ጀልባዋን የኋሊት እየነዳ ዓሣውን ይከተላል።

በመጨረሻ ረዳቱ ወፍራም ጓንት አጥልቆ፣ ከመንጠቆው ጋር የተያያዘውን ጠንካራ ክር በእጁ እየጠቀለለ ዓሣውን ወደ ጀልባዋ ጎን ይስባል። በዚህ ሥራ ላይ ወደ ባሕር ተስቦ ሕይወቱን ያጣ ረዳት አለ። ስለዚህ በመዝገብ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ይሁን እንጂ፣ ዓሣውን የሚይዙት ቢያንስ ሦስት ሰዎች ናቸው።

፫. የሚዛን ዘመን

ውድድር ያለ ሕግ ጠብ ነው። ለዚህም ሲባል በ1939 በኒው ዮርክ ከተማ ዓለም አቀፍ የትልልቅ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ተቋቋመ። ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይም ከማኅበሩ ምክትል ፕሬዚዳንቶች አንዱ ነበር። ማኅበሩ ያጸደቀው ሕግ ጥብቅ ነው። ዓሣው መንጠቆ ከነከሰ ጀምሮ አጥማጁ ብቻውን መታገል አለበት፤ ሌላ ሰው ዘንጉን፣ ጥንጥኑን ወይም ዋናውን ክር ከነካ ዓሣው አይቆጠርም። ክሮች እንደ ጥንካሬያቸው በክፍል ተመድበዋል፤ ከፍተኛው ባለ 130 ፓውንድ ነው። እንዲሁም ሻርክ ሥጋውን የቦጨቀው ዓሣ አይመዘገብም፤ የቆሰለና ደሙ የፈሰሰ ዓሣ እንደ ጤነኛው አይታገልምና።

አሜሪካዊው ደራሲ ዜን ግሬይ በ1930 በታሂቲ ደሴት አጠገብ 1,040 ፓውንድ የሚመዝን ማርሊን ይዞ ነበር። ነገር ግን ዓሣው ጀልባዋ ጋ ሳይደርስ ሻርኮች ስለ ቦጨቁት ክብሩ ጎደለበት። በ1953 አልፍሬድ ግላሰል የተባለ አሜሪካዊ በፔሩ አገር፣ በካቦ ብላንኮ ዳርቻ፣ 1,560 ፓውንድ የሆነ ጥቁር ማርሊን ያዘ። ይህም 707 ኪሎ ያህል ሲሆን እስከ ዛሬ የሚበልጠው አልተመዘገበም።

የኬርንስ ተራ የመጣው በ1966 ነው። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር፣ ጆርጅ ብራንስፎርድ በሚባል አሜሪካዊ ካፒቴን ጀልባ ላይ፣ 1,064 ፓውንድ የሚመዝን ጥቁር ማርሊን ተያዘ። ወሬው በዓለም ሲሰማ ሀብታሞች፣ የሲኒማ ተዋናዮችም ጭምር፣ ወደዚያች ከተማ ይጎርፉ ጀመር። ትልልቆቹ ዓሦች ወደ ወደብ ተጎትተው በጅራታቸው ከሚዛን ላይ ይሰቀላሉ፤ አጥማጁም ከአጠገባቸው ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሚዛኑ ለማንም አያዳላም፤ ምስክሩም በአደባባይ ተንጠልጥሏል። ክርክር የለም።

ነገር ግን ቀደም ሲል ያልነውን እናስታውስ። ሚዛኑ የሚሸልመው ክብደትን ነው፤ ክብደት ያላት ሴቷ ናት፤ ሴቷም የመጣችው ልትወልድ ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱም «እናቶቹን እናጥፋ» ብሎ አላሰበም። ሕጉ ግን፣ ማንም ሳያስበው፣ እናቶቹን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልግ ሆኖ ተገኘ።

፬. የምልክት ዘመን

መፍትሔው የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1973 የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት አጥማጆች በያዙት ዓሣ ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ምልክት ሰክተው እንዲለቁ የሚያደርግ ሥራ ጀመረ። ያንኑ ዓሣ ሌላ ሰው ሲይዘው ቁጥሩንና ቦታውን ያስታውቃል። ተመልሰው ከሚያዙት እጅግ ጥቂቶች ቢሆኑም፣ ከምልክቱ ብዙ ትምህርት ተገኝቷል፤ ለምሳሌ ማርሊን ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ እንደሚጓዝ ታውቋል። እንግዲህ በኬርንስ አጠገብ የምትወልደው ዓሣ የኬርንስ ብቻ አይደለችም ማለት ነው።

ዛሬ በዚያ አጥር ላይ የሚደረጉት ውድድሮች ነጥብ የሚሰጡት በይበልጥ ተይዞ ለተለቀቀ ዓሣ ነው። ጀልባዋ ዓሣ መንከሱን በሬዲዮ ታስታውቃለች፤ የተለቀቀበትም ሰዓት ይመዘገባል። ጀልባዎቹ፣ ባሕሩም ዓሣውም ያው ናቸው። የተለወጠው ነጥቡ የሚሰጥበት ምክንያት ብቻ ነው። እርሱ ሲለወጥ ግን የሰዎቹ ጠባይ አብሮ ተለወጠ፤ ትናንት በሜንጦ ይወጋው የነበረው ረዳት ዛሬ ዓሣው እንዳይጎዳ ይጠነቀቃል።

ስለ ሀብታሞቹ የተናገረው ጓደኛችን «ይህ የቅንጦት ርኅራኄ ነው» ብሎናል። እኛም ወጪው ቅንጦት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በ1998 የአውስትራሊያ መንግሥት ለንግድ የሚያጠምዱ ጀልባዎች ጥቁርና ሰማያዊ ማርሊንን እንዳያስቀሩ ሲከለክል፣ ለዚህ ከጮኹት መካከል እነዚሁ ለጨዋታ የሚያጠምዱት ይገኙበታል። ለራሳቸው ጨዋታ ብለው አስበው ይሆናል፤ የሆነ ሆኖ ዓሣው ተጠቅሟል።

፭. ምስክሩ ማን ነው?

አሁን ወደዚያ ማታ ጥያቄ እንመለስ። ዓሣው ወደ ባሕር ከተመለሰ አሸናፊው በምን ይታወቃል? መልሱ በሰው ቃል ነው፤ ፎቶግራፍና ተመልካች ቢጨመሩበትም፣ መሠረቱ የሰው ቃል ነው። ሚዛኑ ሲወርድ እውነተኛነት በቦታው ተተካ።

ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከሌላ አገር የተገኘ ምሳሌ ያሳያል። በአሜሪካ ብዙ ገንዘብ በሚያሸልሙ ውድድሮች አሸናፊዎች በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ይፈተናሉ። በ2016 በሜሪላንድ በተደረገው የነጭ ማርሊን ውድድር አንደኛ የወጣው ሰው ምርመራውን ስላላለፈ፣ ወደ 2.8 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ሽልማት ተከለከለ፤ በ2017 ዳኛ ጉዳዩን አይቶ በእርሱ ላይ ፈረደ። በ2023 ደግሞ በሰሜን ካሮላይና 619.4 ፓውንድ የሆነ ሰማያዊ ማርሊን ሻርክ ስለ ነከሰው ከውድድር ወጣ፤ ጀልባዋም ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ አጣች። ዜን ግሬይን በታሂቲ የጎዳው ነገር ከ93 ዓመት በኋላ ሌሎችን ጎዳ። ሕግ ሲጎዳንም የምናከብረው ካልሆነ ሕግ አይባልም።

፮. ገና ያልተፈታው

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ አንባቢዎቻችንን ያታለልን ይመስለናል። የተለቀቀ ዓሣ ሁሉ አይተርፍም። መንጠቆው ሆዱን ከወጋው፣ ወይም ትግሉ ረዝሞ ኃይሉን ከጨረሰው፣ ከዓይናችን ከራቀ በኋላ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ይጠቀማሉ፤ እርሱ ሆድ ከመውጋት ይልቅ የአፉን ዳር ይይዛል።

በክሩ በኩል ግን ክብርና ርኅራኄ ይጋጫሉ። በቀጭን ክር ትልቅ ዓሣ መያዝ ለሰው ትልቅ ክብር ነው። ነገር ግን በቀጭን ክር ዓሣውን በኃይል መሳብ ስለማይቻል ትግሉ ይረዝማል፤ ትግሉ በረዘመ ቁጥር ዓሣው ይደክማል። ለሰውየው ይበልጥ የሚያስመሰግነው ለዓሣው ይበልጥ የሚያደክመው ሆነ ማለት ነው። በእኛ አስተያየት፣ መልቀቅን የሚሸልም ውድድር ወፍራሙን ክርና አጭሩን ትግል ማክበር ይገባዋል።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ ጥናት ያገኘነው ትምህርት አንድ ነው። ሰው የሚሠራው የሚመሰገንበትን ሳይሆን የሚቆጠርለትን ነው። በኬርንስ ወደብ ስለ ባሕሩ ውበት የሚናገር ሰው ሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን የሚቆጠረው ክብደት እስከ ሆነ ድረስ እናቶቹ ከመሰቀል አልዳኑም።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ እኛም በየሴሚስተሩ እንመዘናለን። በፈተና ማግስት የምንረሳውን ደብተር ሌሊቱን በቃላችን የምናጠናው ትምህርት ስለማንወድ ነው ወይስ የሚቆጠርልን ያ ብቻ ስለ ሆነ? የሚቆጠረው ቢለወጥስ፣ ያለ ተቆጣጣሪ በቃላችን ብቻ ለመታመን ዝግጁዎች ነን? የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመምህራኖቻችን ማቅረብ ይቻላል። ሁለተኛውን ግን እያንዳንዳችን ለራሳችን መመለስ አለብን። የመኝታ ቤታችን ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ የሚመጣም ሁሉ ቦታ አለው።