የተራቆተ ኮረብታን አሳርፎ ያገሩን ዛፍና አራዊት ስለ መመለስ

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በደጋና በወይና ደጋ በሚገኙ ብዙ ቀበሌዎች ዛሬ ድንጋዩ አግጥጦ የሚታየው ኮረብታ ቀድሞ ወይራና ጽድ የለበሰ፣ ድኩላና ሚዳቋ የሚውልበት፣ ቆቅና ጅግራ የሚጮኽበት ነበረ። ዛፉ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቈረጠ፤ የበቀለውን ለጋ ሁሉ ከብት እየነጨ ጨረሰው፤ አፈሩም በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ወደ ቆላ ወረደ። መጠጊያና መብል ያጣው አውሬ ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉም አለቀ። ይህ ሁሉ የሆነው ቀስ በቀስ ስለሆነ ብዙ ወጣት ኮረብታው ከጥንትም እንዲሁ ራቁቱን የተፈጠረ ይመስለዋል።

የጠፋውን የዱር እንስሳ የሚመልሰው ከሌላ ስፍራ አምጥቶ መልቀቅ ሳይሆን መሬቱን ማሳረፍ ነው። መሬቱም የሚያርፈው በዙሪያው ያለው ሕዝብ ከዕረፍቱ የሚያገኘው ጥቅም አስቀድሞ ተለይቶ ሲታወቅ ነው። ሣሩን ማን እንደሚያጭድ ሳይወሰን የተከለለ ኮረብታ ብዙ ክረምት አይዘልቅም። ይህ ትምህርት የሚያስረዳው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው።

እንስሳውን ብቻ ማምጣት እንደማይበቃ

የስዌይን ቆርኬ የሚባለው እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1974 ዘጠና ያህል ቆርኬዎች ከሰንቀሌ ተይዘው በአርባ ምንጭ አጠገብ ወዳለው ወደ ነጭ ሣር ሜዳ ተወሰዱ። ድካሙ ታላቅ ነበር፤ ሜዳውም ለቆርኬ የሚስማማ ሜዳ ነው። ነገር ግን የከብት ግጦሽ እየበዛ፣ ቁጥቋጦም ሣሩን እየወረሰ ስለ ሄደ መንጋው ከዓመት ወደ ዓመት መንምኖ በጣት የሚቈጠር ሆነ። እንስሳውን ወደ ሜዳው ማድረስ ተችሏል፤ ሜዳውን ለእንስሳው ማቆየት ግን አልተቻለም።

ለገበሬው ደግሞ ደግነቱ፣ ብዙዎቹ ያገር አራዊት ማንም ሳያመጣቸው በራሳቸው እግር የሚመለሱ መሆናቸው ነው። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፤ መደበቂያ፣ መብል፣ የማያሳድዳቸው ሰው።

ኮረብታው ሲያርፍ የሚሆነው

ኮረብታው ከከብትና ከመጥረቢያ ሲያርፍ አስቀድሞ የሚታየው ሣር ነው። ዝናቡ ደኅና ከሆነ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ክረምት ለመታጨድ የሚበቃ ሣር ይቆማል።

ሣሩን ተከትሎ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ሞቷል ተብሎ የተተወ ብዙ ጉቶ ከመሬት በታች ሥሩ ሕያው ነው። በየዓመቱ ሊያቆጠቁጥ ሲል ፍየል ስለምትቀነጥበው ነው እንጂ ዛፍነቱን አልተወም። ይህ በወላይታ በሁምቦ በግልጽ ታይቷል። በዚያ የነበረው ደን አልቆ ተዳፋቱ ከተራቆተ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር መሬት ለማገገም ተከለለ። አብዛኛው ስፍራ የለማው አዲስ ችግኝ ተተክሎበት ሳይሆን ከነባሩ ጉቶ የወጣው ቀንበጥ ተመርጦና ተገርዞ ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው ደኑን የመጠበቅና ከደኑ የመጠቀም መብት ተረከቡ፤ ሣር ማጨድም ተፈቀደላቸው። ዛፍ ሲያድግ ከአየር የሚስበው ካርቦን ተለክቶ የሚሸጥበት ሥርዓት ስላለ፣ የሁምቦ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በዓለም አቀፉ መዝገብ ገብቶ ለማኅበራቱ ገንዘብ ተከፍሏል። ይህ ክፍያ ግን ለማንኛውም ኮረብታ የሚገኝ አይደለምና ገበሬው እርሱን ተስፋ አድርጎ ሥራውን እንዳይጀምር። በየቀበሌው በእርግጥ የሚገኘው ሣሩ፣ ጭራሮው፣ ማሩና የምንጩ ውኃ ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ደደሆ የሚባለውን ቁጥቋጦ ገበሬው ጥቅም የለውም ብሎ ይመነጥረዋል። ከብት አይወደውም፤ ፍየል እንኳ ሌላ ካላጣች አትነካውም። በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች ወይራ እንዴት እንደሚመለስ ያጠኑ ሰዎች ግን ለጋው ወይራ ከገላጣው ስፍራ ይልቅ በቁጥቋጦ፣ ይልቁንም በደደሆ ሥር ተጠልሎ እንደሚበቅል አገኙ። ነገሩ እንዲህ ነው። ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ ደደሆው ላይ ታርፋለች፤ ዘሩንም በኩሷ ከሥሩ ትጥላለች። ዘሩ ከጥላው በታች እርጥበት ያገኛል፤ ፍየልም ደደሆውን አልፋ ለጋውን አትደርስበትም። ስለዚህ ደደሆን የሚመነጥር ሰው ሳያውቀው የነገውን ወይራ ይመነጥራል።

ከዚህም የተነሣ የእናት ዛፍ ቅርበት ታላቅ ነገር ነው። የአብዛኞቹ ያገራችን ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን ተቀብሮ አይቈይም። ጉቶውም ዘሩም በጠፋበት ኮረብታ ላይ ዘሩ ከሌላ ስፍራ መምጣት አለበት፤ የሚያመጡትም ወፎች፣ ጥርኝና ዝንጀሮ ናቸው። በደጋው አገር የዘሩ ጎተራ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው ተርፎ የሚገኘው በዚያ ነውና፣ ለመከለል ኮረብታ ሲመረጥ ከቤተ ክርስቲያን ደን ወይም ከተረፈ የሸለቆ ደን አጠገብ ያለውን ማስቀደም ብልኅነት ነው።

ስለ ውኃውም በትግራይ ደጋ በተከለሉ ተዳፋቶች ላይ በተደረገ ልኬት፣ ዕፀዋቱ ከመሬቱ ከመቶ 65 እጅ በላይ ሲሸፍኑ በላዩ የሚወርደው ጎርፍ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል። በሥሩ እርሻ ያለው ገበሬ የዚህን ትርጉም ለማወቅ መምህር አያሻውም።

አራዊቱም የሚመጡት በዚሁ ተራ ነው። ሣሩ ሲረዝም ቆቅ፣ ጥንቸልና አይጥ ይገባሉ። ቁጥቋጦው ሲጠቀጠቅ ሚዳቋ፣ ቀጥሎም ድኩላ መዋያ ያገኛል። እነዚህ ሲበዙ ቀበሮ፣ አነርና ጅብ፣ አንዳንድ ጊዜም ነብር ይከተላቸዋል። ኮረብታው በዙሪያው ሁሉ በእርሻ የተከበበ ከሆነ ግን ድኩላ የሚሻገርበት የለውም፤ በወንዝ ዳር የሚተው የቁጥቋጦ መሥመር ድልድይ ይሆነዋል።

የሥራው አፈጻጸም

የልማት ሠራተኛው የቀበሌውን የግጦሽ መሬት በሙሉ በአንድ ጊዜ ለመከለል እንዳይሞክር። በሬዎች የሚውሉበት ለጥ ያለው መስክ ይቈይ። መጀመሪያ የሚከለለው ቀጥ ያለውና ድንጋያማው፣ ከብትም ብዙ የማያገኝበት ነው፤ ከአንድ ኮረብታ አንድ ፊት ቢጀመርም በቂ ነው። ድንበሩ በድንጋይ ክምር፣ በቦረቦር ወይም በመንገድ ይለይ። ውሳኔው መኸር ከተሰበሰበ በኋላ በበጋ ቢደረግ፣ ክረምት ሲገባ ደንቡ ጸንቶ ይገኛል።

በበጋው መጨረሻ፣ ዝናብ ሳይጥል፣ ያቆጠቈጠውን ጉቶ እየዞሩ ማየት ነው። ከአንዱ ጉቶ ከሚወጡት ብዙ ቀንበጦች ቀጥ ያሉና ብርቱ የሆኑ ከሦስት እስከ አምስት ይቀሩ፤ የቀሩት በተሳለ መሣሪያ ይቈረጡና ለማገዶ ይወሰዱ። የተመረጡትም ከቁመታቸው እስከ እኩሌታ ድረስ የታች ቅርንጫፋቸው ይገረዝ። ከዓመታት በኋላ ለማገርና ለወጋግራ አንድ አንዱ ይቈረጣል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቍረጥ ግን ጉቶውን ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መመለስ ነው። ጉቶ በሌለበት ገላጣ ስፍራ የወይራ ችግኝ የሚተከል ከሆነ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ይተከል እንጂ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ አይደለም። ባሕር ዛፍ ለቤትና ለገበያ ጠቃሚ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን ለወፍ የሚበላ ፍሬ አይሰጥምና ቦታው በዚህ ኮረብታ ላይ አይደለም።

ሣሩን ስለ መካፈል

ብዙ ክልል የሚፈርሰው በድርቅ ሳይሆን በጠብ ነው። ኮረብታው ሲዘጋ የሁሉም ሰው ጉዳት እኩል አይደለም። አራት በሬና ሰፊ ማሳ ያለው ገበሬ ገለባ አለው። ማሳ የሌላት፣ በስድስት ፍየል ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ግን ኮረብታው ሲዘጋ እንጀራዋ ይዘጋል። እርሷን ሳያማክር የተደነገገ ደንብ በሌሊት መፍረሱ አይቀርም፤ የልማት ሠራተኛውም አፍራሿን ከመውቀሱ በፊት ደንቡን ይመርምር። የሣሩ ድርሻ ሲመደብ እንደ እርሷ ያሉት ይቅደሙ፤ ፍየሎቿንም አስራ ታጭዶ የመጣ ሣር ብትመግባቸው፣ የተረፈውንም ብትሸጥ መተዳደሪያዋ አይቋረጥም። መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ደግሞ ቀፎ መስቀያ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል።

ይህ ነገር ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ጓሳ የተባለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ የሚሆን ብርቱ ሣር ነው። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣል፤ ምድሩም ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ዓመት ያህል ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ በታወጀ ቀን ይከፈትና ሕዝቡ አጭዶ ከብቱን አብልቶ ክረምቱ ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ይህ ሥርዓት ስለ ቀረ ምድሩ ለማንም ክፍት ሆኖ ነበር። ቈይቶ ግን ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰው፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም በአማራ ክልል ደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ከዚህ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጓሳን ያቆየው ለዘለዓለም መዝጋት ሳይሆን የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ መታወቁ ነው።

ከአራዊቱ ጋር አብሮ ስለ መኖር

በጓሳ ሣር መካከል ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም አብረው ይውላሉ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ከቀሩት ሥጋ በል እንስሳት እጅግ ጥቂቱ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ዐዋቂዎቹ 500 ገደማ ብቻ ይሆናሉ፤ ሁሉም የሚገኙት በኢትዮጵያ ነው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። በጓሳ የተመለከቱ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳወቁት፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶው ሙከራ 67 ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም የጠቦት ያህል ለምደውት አይሸሹትም። አይጥ የገብስ ጠላት መሆኑን የሚያውቅ ገበሬ ይህን ቀበሮ በድንጋይ አያባርረውም።

ቀበሮውን ከሰው ይልቅ የሚፈጀው የውሻ በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ገብቶ ብዙዎቹን ጨርሷል። ያው በሽታ ልጅንም ከብትንም ይገድላልና በክልሉ ዙሪያ ያለ ውሻ ሁሉ ይከተብ፤ ወደ ክልሉም ውሻ ተከትሎ አይግባ።

የሚመለሰው ሁሉ ግን ወዳጅ አይደለም። ዝንጀሮ፣ ጃርትና ከርከሮ ወደ እርሻ ይወርዳሉ፤ ይህን ሸሽጎ ክልልን ብቻ የሚያመሰግን የልማት ሠራተኛ በሁለተኛው ዓመት የሚያምነው አያገኝም። በክልሉ ጠርዝ ላይ በቆሎና ድንች አይዘራ፤ እነዚህ ወደ ቤት ቅርብ ወዳለው ማሳ ይዛወሩ። በክልሉና በእርሻው መካከል ሣሩ ሁልጊዜ የሚታጨድበት ገላጣ መሥመር ቢተው አውሬው ሲመጣ ይታያል። ጥበቃውም በልጆች ላይ ብቻ ተጥሎ ከትምህርት እንዳያስቀራቸው፣ ባለ ማሳዎቹ ሁሉ በተራ ይውጡ። መርዝ ግን በፍጹም አይጣል፤ መርዝ ዝንጀሮን ብቻ መርጦ አይገድልም፣ ጥንብ አንሣውንም፣ ቀበሮውንም፣ የጎረቤትንም ውሻ ይጨርሳል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልም በሕግ የተከለከለ ነው።

ስለ ጅብ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ጅብ በበሽታ የሞተውን ከብት ሬሳ እያነሣ መንደሩን የሚያጸዳ እንስሳ ነው። ቢሆንም በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብን ኩስ እየመረመሩ ምን እንደሚበላ ያጠኑ ሰዎች ያገኙት ነገር ለገበሬው ጠቃሚ ነው። በዐቢይ ጾም ሰው ሥጋ ስለማይበላ የእርድ ትራፊ ይጠፋል፤ ጅቡም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። ከጾሙ በፊት የአህያ ጠጕር የተገኘበት ኩስ ከመቶ 15 ያህል ሲሆን፣ በጾሙ ወራት 33 ያህል ሆነ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ወረደ። ስለዚህ አህያ ያለው ገበሬ በጾሙ ጊዜ አህያውን በውጭ አያሳድር፤ የበረቱም አጥር ከቅበላ በፊት ይጠገን።