የፍጥነት መለኪያ ሲሳሳት

ሀ. ከንባብ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

1. በመኪና ስትሄዱ በሾፌሩ ፊት ያለው መርፌ የሚያመለክተው ምንን ነው?
2. መለኪያ ራሱ ሲሳሳት ስሕተቱ በምን ሊታወቅ ይችላል?

ለ. ምንባብ

ገዳሪፍ በምሥራቅ ሱዳን፣ ከመተማ ድንበር ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። የሜዳዋ አፈር ጥቁር መረሬ ስለ ሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ጎማ ይይዛል። በዚህ ሜዳ ላይ ለብዙ ዘመን እህልንም ሰውንም ሲያመላልሱ ከኖሩት መካከል በድፎርድ የተባሉት የእንግሊዝ ሥሪት የጭነት መኪናዎች ይገኙባቸዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ወደ ሱዳን የሚገቡት ካሶኒ ሳይኖራቸው ነበር። ካሶኒውን ከእንጨትና ከብረት እየሠሩ የሚገጥሙላቸው የአገሩ ባለሙያዎች ናቸው።

እንዲህ ያለው መኪና ሲያረጅ ከሌላ መኪና የተፈታ ካምቢዮ ወይም ዲፈረንሻል ይገባለት ይሆናል። ጭቃውን እንዲያልፍም ከቀድሞው የሚበልጥ ጎማ ሊደረግለት ይችላል። በዚህ ዓይነት ከልዩ ልዩ ዕቃ የተገጣጠመ መኪና ይሄዳል፤ ይጭናልም። የፍጥነት መለኪያው ግን የተሠራው ለቀድሞው ጎማና ለቀድሞው ዲፈረንሻል ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ የሚናገረው እውነቱን አይደለም።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ከመለኪያው አሠራር ይገኛል። በማግኔት የሚሠራውን የፍጥነት መለኪያ በ1902 እ.ኤ.አ. በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ኦቶ ሹልዝ የተባለ ጀርመናዊ ነበር። ከካምቢዮው የሚነሣ ተጣጣፊ ገመድ እየተሽከረከረ በመለኪያው ውስጥ ያለውን ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ በአጠገቡ ባለው የአሉሚኒየም ጽዋ ውስጥ ኤሌክትሪክ ስለሚያስነሣ፣ ጽዋው ሳይነካ ማግኔቱን ተከትሎ ለመዞር ይሞክራል። ቀጭን ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይስበዋል። መርፌው የሚቆመው ሁለቱ ኃይሎች በሚተካከሉበት ቦታ ነው። ይኸው ገመድ በጥርሶች አማካይነት ኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ያዞራል። እንግዲህ መለኪያው የገመዱን ዙር ያውቃል እንጂ መንገዱን አያይም።

ስሕተቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው ሰዓትና የታወቀ ርቀት ነው። በመጀመሪያ የመለኪያው ገጽ በማይል ወይም በኪሎ ሜትር የተሰፈረ መሆኑ ይጣራል፤ አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና። ከዚያም ሾፌሩ በሜዳማ መንገድ መርፌውን 60 ላይ አጽንቶ ሲነዳ፣ ረዳቱ ከአንድ የኪሎ ሜትር ድንጋይ እስከሚቀጥለው ድረስ ያለውን ጊዜ በሰዓት ይይዛል። የፈጀው ጊዜ 48 ሴኮንድ ነው እንበል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 3,600 ሴኮንድ ስላለ፣ 3,600 ለ48 ሲካፈል 75 ይሆናል። መርፌው 60 ሲል መኪናው በእርግጥ የሚሄደው በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህን ልዩነት ቀላል አድርጎ መገመት አይገባም። ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪና እስኪቆም የሚሄደው ርቀት በፍጥነቱ ካሬ መጠን ያድጋል። ስለዚህ በ75 የሚሄድ መኪና በ60 ከሚሄደው ይልቅ ለመቆም ከአንድ ተኩል እጥፍ የሚበልጥ መንገድ ይፈልጋል። በጭነቱ ላይ ሰዎች ተቀምጠው፣ በድንገት የከብት መንጋ መንገዱን ቢያቋርጥ፣ በመርፌው የተማመነው ሾፌር የሚቆም መስሎት አይቆምም።

አንዳንድ ሰው መርፌውን ነቅሎ ወደ 75 በማስጠጋት ስሕተቱን ያረመ ይመስለዋል። ይህ ግን ስሕተቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው። ስሕተቱ የተመጣጠነ ስለ ሆነ መርፌው 40 ሲል እውነቱ 50 ነው፤ የጎደለው 10 እንጂ 15 አይደለም። በ60 ላይ የታረመው መለኪያ በ40 ላይ ሌላ ሐሰት ይናገራል።

ትክክለኛው ጥገና ምክንያቱን ከመለየት ይጀምራል። መኪናው በድንጋዮች የተለካ 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆጣሪው 8 ብቻ ቢቆጥር፣ መርፌውና ቆጣሪው የሳቱት በአንድ መጠን ነው። ይህም ጥፋቱ በገመዱ ዙር ማነስ መሆኑን ያስረዳል። መድኃኒቱ በካምቢዮው ላይ ገመዱን የሚያዞረውን ጥርስ በሚስማማው መለወጥ፣ ወይም በገመዱ መካከል ትንሽ የጥርስ ሳጥን ማስገባት ነው። ባለ 20 ጥርሱ ባለ 16 ጥርሱን ሲያዞር አራቱ ዙር አምስት ይሆናል። ሁለት ጥርሶች ብቻ ሲገናኙ አዟዟሩ ወደ ኋላ ስለሚገለበጥ ግን በመካከላቸው ሦስተኛ ጥርስ ይገባል። ቆጣሪው ትክክል ሆኖ መርፌው ብቻ ቢስት ጥፋቱ በማግኔቱ ወይም በሞላው ዘንድ ነው፤ ይህም የመለኪያ ጥገና ዐዋቂን ይጠይቃል።

ዛሬ ፍጥነትን በሳተላይት የሚለካ የእጅ ስልክ ድካሙን አቃልሎታል። ቢሆንም ስልኩ ስሕተቱን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ መፍቻ ከማንሣት በፊት መለካትና ማስላት ይቀድማል።

ሐ. የቃላት ፍቺ

ካሶኒ — የጭነት መኪና ዕቃ የሚጫንበት ክፍል
ሞላ — ሲሳብ ወይም ሲጠመዘዝ ወደ ቦታው የሚመለስ ብረት
የተመጣጠነ — በአንድ ዓይነት መጠን የሚያድግና የሚያንስ
አጽንቶ — ሳያወላውል በአንድ ቦታ አድርጎ

መ. መልመጃ

1. በገዳሪፍ አካባቢ የተገጣጠመ መኪና የፍጥነት መለኪያው ለምን ሊስት ይችላል?
2. መርፌውን ብቻ ነቅሎ መትከል ጥገና ያልሆነው ለምንድን ነው? በምሳሌ አስረዱ።
3. መርፌው 40 ሲያመለክት አንድ ኪሎ ሜትር በ75 ሴኮንድ ቢያልቅ የመኪናው እውነተኛ ፍጥነት ስንት ነው?
4. በምንባቡ ውስጥ «እንጂ» የገባባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። በዚሁ ቃል ሦስት የራሳችሁን ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።
5. «በተሳሳተ መለኪያ መተማመን ያለ መለኪያ ከመሄድ ይከፋልን?» በሚል ርእስ ተከራከሩ።